ስለ እርሻችንና ስለ ደናችን

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



 ልናገር የመረጥኩት ስለ እርሻና ስለ ደን ነው። ይህን ርእስ መምረጤን የሰሙ አንዳንድ ጓደኞቼ «ስለ ኮምፒዩተር ወይም ስለ ጠፈር ብትናገር አይሻልህም ወይ? እርሻማ የአያቶቻችን ነገር ነው» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ከመካከላችን ዛሬ ጧት ቁርስ ሳይበላ የመጣ ተማሪ ካለ፥ አሁን የሚያስበው ስለ ጠፈር ሳይሆን ስለ በቆሎ መሆኑን አልጠራጠርም። ስለዚህ ስለ በቆሎውና በቆሎውን ስለሚያበቅለው መሬት እንድነጋገር ፍቀዱልኝ።

እርሻ የአያቶች ነገር ነው ከተባለም፥ እኔም ነገሬን ከአያቴ እጀምራለሁ።

አያቴ የወሎ ሰው ናቸው። ተወልደው ያደጉበት ኮረብታ በድሮ ዘመን በወይራና በጥድ የተሸፈነ እንደ ነበረ ከአያቶቻቸው ሰምተዋል። እሳቸው ሞፈር ለመጨበጥ በደረሱ ጊዜ ግን ከዚያ ሁሉ ደን የቀረው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ያለው ብቻ ነበር። ኮረብታው ተራቁቶ፥ አፈሩ በየክረምቱ ጎርፍ እየታጠበ ወርዶ፥ ማረሻው ከድንጋይ ጋር ይጋጭ ነበር። እንግዲህ የ1977 ዓ.ም. ድርቅ የመጣው እንዲህ ባለ መሬት ላይ ነው። ጦርነቱና የአስተዳደሩ ጉድለት ተጨምሮበት ያን ያህል ሕዝብ ያለቀበት ረሀብ ሆነ። የዝናም መጥፋት ከሰው እጅ ውጭ ነው፤ መሬቱ ድርቁን ራቁቱን ሆኖ መጠበቁ ግን የሰው እጅ ሥራ ነበር።

በዚያ ጊዜ የነበረው መንግሥት ከወሎ፥ ከትግራይ፥ ከከምባታና ከሌሎችም ስፍራዎች በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ወደ ጋምቤላ አምጥቶ አሰፈረ። አያቴም ሚስታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው ከዚህ ከተማ በስተደቡብ ካለው ከአቦቦ ደረሱ። «ባዶ መሬት አለ» ተብሎ ነበር የተነገራቸው። መሬቱ ግን ባዶ አልነበረም። አኙዋኮች ከጥንት ጀምረው የሚኖሩበት፥ ወንዙንም ዛፉንም በየስሙ የሚያውቁት አገር ነበር። አያቴ ይህን ሲያነሡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። «እኛ ተርበን መጣን፤ እነሱ ግን ማንም ሳይጠይቃቸው መሬታቸው ተሰጠብን» ይላሉ።

ደኑ በመጥረቢያና በትራክተር ተመነጠረ። በመጀመሪያው ዓመት የተዘራው በቆሎ ከሰው ቁመት አለፈ። በአራተኛው ዓመት ግን ከወገብ በላይ አልወጣም። የቆላ ደን ለምነቱ ያለው በላይኛው ስስ አፈርና ከዛፉ በየጊዜው በሚረግፈው ቅጠል ነው። ዛፉ ሲጠፋ የሚረግፍ ቅጠል አይኖርም፤ ፀሐይ አፈሩን ታከስመዋለች፤ ኃይለኛው ዝናምም የቀረውን ያጥበዋል። አያቴ በወሎ በብዙ ትውልድ የሆነውን ነገር በአቦቦ በአራት ዓመት ውስጥ ሲሆን በዓይናቸው አዩ።

ያን ጊዜ እርሻ እንደ ገና ያስተማሯቸው አንድ አኙዋክ ጎረቤታቸው ናቸው። አኙዋኮች ሁለት ጊዜ ይዘራሉ፤ አንዱን በክረምት ከወንዝ ራቅ ባለው ከፍተኛ መሬት ላይ፥ ሁለተኛውን ደግሞ የወንዙ ሙላት ከሸሸ በኋላ በዳርቻው በሚቀረው እርጥብ ደለል ላይ ነው። ጎረቤታቸው «ወንዙን አትቅደመው፤ ሲመለስ ተከተለው» አሏቸው። ማዳበሪያውን የሚያመጣው ራሱ ውሃው ነው፤ ገበሬው የሚያመጣው ዘሩንና ትዕግሥቱን ብቻ ነው። አያቴ ከደጋ ይዘውት የመጡትን ዕውቀት ባይጥሉትም፥ ለዚህ አገር የሚሆነው ዕውቀት ከዚሁ አገር ሰው ዘንድ እንደሚገኝ ያን ጊዜ ገባቸው።

አንድ ክረምት ደግሞ አያቴ ለጉዳይ ወደ ኢታንግ ሄደው ባሮ ከአፉ ሞልቶ አገኙት። ሜዳው ሁሉ ውሃ ሆኗል፤ መንደሮቹ በየጉብታው ላይ ሰውና ከብት ተሰብስቦባቸው እንደ ደሴት ብቅ ብለዋል። ሰዎቹም ውሃው እስኪሸሽ ድረስ ባለቻቸው ቁራሽ መሬት፥ ባለቻቸው እህልና እንጨት ይኖራሉ። አያቴ ያን አይተው ሲመለሱ ለአባቴ የተናገሩት ቃል በቤታችን እስከ ዛሬ ይነገራል፤ ለእኔም አድርሰውልኛል፦ «እኔ አንድ አገር አልቆብኝ ሁለተኛ አገር ሰጡኝ። ለእናንተ ግን ሦስተኛ አገር የሚሰጣችሁ የለም። በጉብታ ላይ እንዳለ ሰው ሆናችሁ ኑሩ።»

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከሰፋሪዎቹ ብዙዎቹ ወደየመጡበት ተመለሱ። አያቴ ግን ቀሩ። የሚመለሱበት ኮረብታ ድንጋይ መሆኑን ያውቁ ነበርና።

ውድ ጓደኞቼ፤ በዓለም ላይ ዘመናቸውን ሁሉ በጉብታ ላይ የሚኖሩ ሕዝቦች አሉ። እነዚህም የትንንሽ ደሴት አገሮች ሕዝቦች ናቸው። ዙሪያቸው ባሕር ስለ ሆነ መሬታቸው ቢያልቅ የሚሰደዱበት ቆላ ወይም ደጋ የላቸውም። ስለዚህ እነሱ የደረሰባቸው ችግርና ያገኙት መፍትሔ ለእኛም ትምህርት ይሆነናል። ሁለቱን ብቻ ልጥቀስ።

የመጀመሪያዋ በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ያለችው ሳሞአ ናት። የሳሞአ ሕዝብ ዋና ምግብ ጎደሬ ነው። ጎደሬ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በክልላችን በመዠንግር ዞን ስሙን የሚጋራ ወረዳ አለን። የሳሞአ ገበሬዎች ለውጭ ገበያ የሚፈለገውን አንድ ዓይነት ጎደሬ ብቻ አብዝተው ይተክሉ ነበር። በ1993 እ.ኤ.አ. ቅጠል የሚያደርቅ በሽታ ገባ። ሙቀትና ዝናም ስለሚመቸው ከማሳ ወደ ማሳ እንደ እሳት ተዛመተ። ሁሉም የተከለው አንዱን ዓይነት ስለ ነበረ፥ አንዱ ሲወድቅ ሁሉም ወደቀ፤ የአገሪቱ ዋና የወጪ ንግድ የነበረው ጎደሬም በአንድ ዓመት ውስጥ ከሞላ ጎደል ቆመ። ሕዝቡ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ገበሬዎችና በዚያ ያለው የዩኒቨርሲቲ የእርሻ ክፍል ተባብረው፥ በሽታውን የሚቋቋሙ የጎደሬ ዓይነቶችን ከሌሎች ደሴቶችና ከእስያ እያስመጡ አዳቀሉ፤ የትኛው እንደሚጣፍጥና እንደሚያፈራ ገበሬዎቹ ራሳቸው በየማሳቸው እየፈተኑ መረጡ። ይህ ሥራ ከ10 ዓመት በላይ ወሰደ። ከዚህ የምንማረው ነገር ግልጽ ነው፤ ማሳውን በአንድ ዓይነት ዘር ብቻ የሞላ ገበሬ ቤቱን በአንድ ምሰሶ እንዳቆመ ሰው ነው።

ሁለተኛዋ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ያለችው ኬፕ ቨርዴ ናት። ደረቅና ነፋሻ አገር ናት። ገና በፖርቱጋል ቅኝ አገዛዝ ሥር ሳለች፥ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ድርቅ በተደጋጋሚ መታት፤ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በረሀብ አለቀ። በ1975 እ.ኤ.አ. ነፃነቷን ባገኘች ጊዜ ከጀመረቻቸው ትልልቅ ሥራዎች አንዱ ዛፍ መትከልና እርከን መሥራት ነበር። ሕዝቡ በነቂስ ወጥቶ በየሸለቆው የድንጋይ ክትር ሠራ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ችግኝ ተከለ። ዛሬ በዚያች አገር የሚታየው ደን አብዛኛው በሰው እጅ የተተከለ ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በዚያ ከተተከሉት ዛፎች ብዙዎቹ የፕሮሶፒስ ወገን ናቸው። ይኸው ዛፍ ወደ አገራችን ወደ አፋር ገብቶ የግጦሹን መሬት እየወረረ አርብቶ አደሩን አስለቅሷል። ስለዚህ «ዛፍ ትከሉ» ማለት ብቻ አይበቃም። የት? የትኛውን? ማንስ ያሳድገዋል? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህን ለመረዳት ወደ ውቅያኖስ መሻገርም ግድ አይደለም። በጣና ሐይቅ ደሴቶች ላይ ያሉት ገዳማት ደናቸውን በመቶ ለሚቆጠሩ ዓመታት ጠብቀው አቆይተዋል። ይህም የሆነው መነኮሳቱ እንጨት ስለማያስፈልጋቸው አይደለም፤ ለመቁረጥ ሥርዓት ስላላቸው ነው። በዚሁ በክልላችንም የመዠንግር ሕዝብ ቀፎውን በትልልቅ ዛፎች ላይ እየሰቀለ ማሩን ሲቆርጥ ኖሯል። ማር የሚሰጥን ዛፍ ማንም አይጥለውም። የመዠንግር ደን በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ በዓለም የሕይወት ክልሎች መዝገብ ሲመዘገብ፥ ስፋቱ ከ200,000 ሄክታር በላይ ነበር። ይህ ክብር ለዛፎቹ ብቻ ሳይሆን ዛፎቹን ላቆየው ሕዝብም የተሰጠ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ወደ ጋምቤላ ልመለስ።

ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች፤ ከበላያችን ያለችው ጎሬ ደግሞ 2,000 ሜትር ያህል ላይ ናት። ባሮ የብርብርና የገባ ወንዞች ተገናኝተው የሚሠሩት ወንዝ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ደጋ ተንደርድሮ ወደ እኛ ይወርዳል። በዚያ ላይ ያሉት የያዩና የሸካ ደኖች እንደ ስፖንጅ ሆነው ክረምቱን ውሃ ይመጥጣሉ፤ በጋውን ጥቂት በጥቂት ይለቁታል። እነዚያ ደኖች ቢመነጠሩ ክረምት ጎርፉ፥ በጋ ጥማቱ የሚደርሰው ለእኛ ነው። በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ባሮ ሞልቶ ከተማችንን ሳይቀር ሲያጥለቀልቅ፥ በኢታንግ፥ በላሬና በጅካዎም ብዙ ሺህ ሕዝብ ከቤቱ ሲያፈናቅል ሁላችሁም አይታችኋል። የጎርፉ ምክንያት የዚያ ዓመት ዝናም ብርታት ነው። ሆኖም ሥር የያዘው ዳርቻና የተራቆተው ዳርቻ ጎርፉን የሚቀበሉት አንድ ዓይነት አይደለም።

ወንዙን መቅደም ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ከትልቅ ኩባንያ መማር እንችላለን። ካሩቱሪ የሚባለው የሕንድ ኩባንያ በ2003 ዓ.ም. ከፌዴራል መንግሥት ጋር ውል ፈርሞ፥ በክልላችን 100,000 ሄክታር መሬት ለአንድ ሄክታር በዓመት 20 ብር ሒሳብ ተከራየ። ትልልቅ ማሽኖች መጡ፤ በባሮ አጠገብ ባለው ሜዳ በቆሎ ተዘራ፤ ወንዙንም ለመከላከል የአፈር ግድብ ተሠራ። በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ባሮ ሞላና በሺህ በሚቆጠር ሄክታር ላይ የነበረውን በቆሎ ዋጠው። ውሉም በ2008 ዓ.ም. ተቋረጠ። ይህን የማነሣው በማንም ላይ ለመሳቅ አይደለም፤ ትልቅ እርሻ ሁሉ ክፉ ነው ለማለትም አይደለም። ነገር ግን ያ ሜዳ ውሃ የሚተኛበት መሆኑን በዚያው ዳርቻ የሚኖር የ10 ዓመት ልጅ ያውቅ ነበር። የሚያውቀውን ሰው ሳይጠይቁ የሚያርሱት እርሻ፥ ገንዘቡ ቢበዛም ዕድሜው አጭር ነው።

ስለ ሌላው ብዙ ተናገርኩ። አሁን ስለ ራሴ እናገራለሁ፤ ይህም ከሁሉ የሚከብደኝ ክፍል ነው።

እኔ የተማርኩት በከሰል ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ በአቦቦ መንገድ ዳር ከሰል እየሸጠች አሳድጋኛለች። የደብተሬ፥ የዩኒፎርሜ፥ በዚህ ከተማ የተከራየሁባት ክፍል ዋጋ ከዚያ ጆንያ የወጣ ነው። ስለ ከሰል ክፋት የሚናገር ሰው ስሰማ ልቤ ይቆጣ ነበር። የራበው ልጅ ያላትን እናት «ዛፍ አትቁረጪ» ብሎ መምከር ለጠገበ ሰው ቀላል ነው።

አንድ ቀን ግን የፊዚክስ መምህራችን ስለ ኃይል ሲያስተምሩ፥ በልማዱ የአፈር ክምር ከሰል ሲከሰል ከ100 ኪሎ እንጨት የሚገኘው ከሰል ከ10 እስከ 20 ኪሎ ብቻ መሆኑን ነገሩን። የቀረው ጢስና አመድ ሆኖ ይጠፋል። በዚያ ሌሊት በእናቴ ጆንያዎች ቁጥር ሒሳቡን ሠራሁት። ከዚያም የጠፋው ዛፍ ምን ዓይነት እንደ ነበረ አሰብኩ። ከሰለኛ የሚመኘው እንጨቱ ጠንካራ የሆነውን ነው፤ ከእነዚህም አንዱ ሺአ ነው። ሺአ በክልላችን በተፈጥሮ የሚበቅል፥ ከፍሬው ቅባት የሚወጣለት ዛፍ ነው። ከዘር ከበቀለ ፍሬ ለመስጠት ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ያለው ዕድሜ አንድ የሺአ ዛፍ ለማፍራት የሚበቃውን ያህል ነው ማለት ነው። ቆጥረን ብናየው፥ እናቴ እኔን ለማሳደግ የቆረጠቻቸው ዛፎች ገና አንድም ምትክ አላገኙም።

የእንጨት ችግር የእኛ ቤት ብቻ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የክልላችን ሕዝብ 307,000 ያህል ነበር። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን መጥተው፥ የስደተኞቹ ቁጥር ከ300,000 በላይ ሆነ። እነሱን መቀበላችን ትክክል ነው፤ አያቴም በረሀብ ቀን የመጡ እንግዳ ነበሩ። ነገር ግን ነዋሪውም ስደተኛውም የሚያበስለው በእንጨት ነው። ስለዚህ ጥፋተኛ መፈለግ ለማናችንም አይጠቅምም። የሚጠቅመን መንገድ መፈለግ ነው።

እኔ በበኩሌ የሚታዩኝ መንገዶች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፥ እሳቱን እንቆጥብ። በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነደው እንጨት ብዙው ሙቀቱ ለነፋስ ነው የሚሄደው። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ግማሽ ያህል እንጨት ይቆጥባል፤ ላቀች የሚባለው የከሰል ምድጃም ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። ይህን በየቤቱ ለማዳረስ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም፤ ምርጥን በሲሚንቶ፥ ላቀችን በሸክላና በቆርቆሮ የሚሠሩ ጥቂት ወጣቶችን ማሠልጠን ይበቃል።

ሁለተኛ፥ ማሳችንን በአንድ ዘር ብቻ አንሙላው። በቆሎው መካከል ባቄላ ወይም አተር መሰል ጥራጥሬ ይግባ፤ ጥራጥሬ አፈሩን ያለማልና። በጥላው ሥር ጎደሬ፥ በአጥሩ ማንጎና ሞሪንጋ ይተከል። በመዠንግር እንደሚደረገውም ቡናው በዛፍ ጥላ ሥር ይኑር። ሳሞአን የጎዳት አንድ ዓይነት ተክል ላይ መደገፍ ነው፤ ያዳናትም የዓይነቱ መብዛት ነው።

ሦስተኛ፥ የወንዙን ከንፈር አንላጨው። በባሮ፥ በአልዌሮ፥ በጊሎና በአኮቦ ዳር ያሉት ዛፎችና ሸምበቆዎች አፈሩን በሥራቸው የያዙ ናቸው። በደለሉ ላይ እንዝራ፤ ዛፉን ግን እንተወው።

አራተኛ፥ የበጋውን ቃጠሎ በሥርዓት እናድርገው። ለአዲስ ግጦሽ ሣር ማቃጠል የቆየ ልማድ ነው። ሣሩ ገና ከፊል እርጥብ ሳለ በጊዜ የሚቃጠለው እሳት ዝቅተኛ ስለሆነ ዛፉን አይጎዳም፤ በበጋው መጨረሻ ሁሉ ሲደርቅ የሚለቀቀው እሳት ግን ቡቃያውን ሁሉ ይፈጃል። ይህን ልዩነት የከብት አርቢዎቻችን አባቶች ከእኛ ይልቅ ያውቁታል፤ እንጠይቃቸው።

አምስተኛና የመጨረሻው እኛን ተማሪዎችን ይመለከታል። በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ በየክረምቱ ችግኝ ይተከላል። እኛም በክበባችን አማካይነት በትምህርት ቤቱ ግቢ ተክለን ነበር። ፎቶግራፍ ተነሣን፤ ተጨበጨበልን። ከዚያ በጋው ገባ። ፈተና ደረሰ፤ ዕረፍት ሆነ፤ ፍየሎች ገቡ፤ ውሃ ያጠጣ ሰው አልነበረም። ስንመለስ ከተከልናቸው የቆሙት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የክበቡ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። የተተከሉትን ችግኞች ቁጥር በሚያምር ጽሕፈት መዝግቤአለሁ፤ የደረቁትን ቁጥር ግን አልመዘገብኩም። ዛሬ በፊታችሁ ይህን ጥፋቴን እናዘዛለሁ።

ስለዚህ በዚህ የበዓል ቀን ለትምህርት ቤታችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከእንግዲህ የምንቆጥረው የተከልነውን ሳይሆን የጸደቀውን ይሁን። ወደ 9ኛ ክፍል የሚገባ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ችግኝ ይቀበል፤ ከሺአ፥ ከሮቃ፥ ከማንጎ ወይም ከኒም እንደ ቦታው ይመረጥ። ሁለት ሁለት ሆነን በበጋ ውሃ እናጠጣ፤ አንዱ ዕረፍት ሲሄድ ሌላው ይጠብቅ። 12ኛ ክፍልን የሚጨርስ ተማሪም ዛፉን ለአዲስ ገቢ ተማሪ በስሙ አስረክቦ ይውጣ። መምህራኖቻችንም የምስክር ወረቀታችንን ሲሰጡን «ዛፍህስ?» ብለው ይጠይቁን። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ባልዲና ቃል ማክበር ብቻ ነው።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፤ ከእናንተም የምንለምነው አለ። ልጆቻችሁ ዝርያዎቹን፥ የወንዙን ጠባይ፥ የትኛው ዛፍ ለምን እንደሚሆን ሲጠይቋችሁ «አንተ ተማር እንጂ ስለዚህ ምን አገባህ» አትበሉን። በመጽሐፋችን ውስጥ የሌለው ትምህርት በእናንተ ዘንድ አለና። አኙዋኩ የደለሉን፥ ኑዌሩ የግጦሹንና የከብቱን፥ መዠንግሩ የማሩንና የደኑን፥ ኦፖውና ኮሞው የየራሳቸውን፥ ከደጋ የመጣውም የእርከኑን ዕውቀት ይዞ ከተቀመጠ፥ ይህ ትምህርት ቤት ሁሉም በአንድ ላይ የሚማርበት ቦታ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለምን?

እናቴ ዛሬ ከአቦቦ መጥታ ከመካከላችሁ ተቀምጣለች። ይህን ንግግር ከመጻፌ በፊት ስለ ከሰሉ እንድናገር ፈቃዷን ጠይቄአት ነበር። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «እውነት ነውና ተናገር፤ ነገር ግን እስካሁን እንዳልተውኩትም ጨምረህ ተናገር» አለችኝ። እነሆ ተናገርኩ። እሷ ከሰሉን የምትተወው ሌላ እንጀራ ስታገኝ ነው። ባለፈው ክረምት በጓሮዋ ማንጎ ተክላለች፤ ለምርጥ ምድጃ ሥራም ለመሠልጠን ተመዝግባለች። ማንጎው እስኪያፈራ ጥቂት ዓመታት ይቀሩታል። እነዚያን ዓመታት እንድትሻገር መርዳት የእኔ ዕዳ ነው፤ እሷን የመሰሉትን ሁሉ መርዳት ደግሞ የሁላችን ዕዳ ነው።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላል የአገራችን ሰው። መሬትም እንደዚሁ ነው። ዛሬ አንድ ዛፍ፥ ነገ አንድ ጠርዝ አፈር እየተወሰደ፥ ስንነቃ በድንጋይ ላይ ቆመን እንገኛለን። አያቴ አንድ ጊዜ በድንጋይ ላይ ቆመው ነቅተዋል። እሳቸውን የተቀበለ አገር ነበረ። እኛ ግን ያለነው በመጨረሻው ጉብታ ላይ ነው፤ ጉብታውም ለም ነው፥ ሰፊ ነው፥ ወንዝ የከበበው ነው። ከጠበቅነው ለእኛም፥ ከእኛ በኋላ በዚህ አዳራሽ ለሚቀመጡትም ይበቃል።

እግዚአብሔር ሀገራችንን ይባርክ፤ ትምህርት ቤታችንንም ለብዙ ዓመታት ያኑርልን።